አንድ ኪኒን፣ ብዙ ጉበት
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)

 

አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ትእዛዝ ሦስት ነው፦ ከሙያሽ አካፍይን፣ ሐኪም ያልሆነውም እንዲገባው አድርጊ፣ አታስረዝሚ። ምሳው ከጀርባ እየሸተተን ስለሆነ ሦስተኛውን በተለይ አልረሳውም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ስለ ትራማዶል። የመረጥኩት ሁላችሁም ስለምታውቁት ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ወገቡን የታመመ፣ አጥንቱ የተሰበረ ዘመድ ያለው ሰው ስሙን ሰምቷል። እጅ አውጡ ብላችሁ ቤታቸው መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ፍሬ ያላቸው ጥቂት አይሆኑም። እኔ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕመሙን የሚያስታግሰው የምንውጠው ኪኒን ብቻ አይደለም፤ ሰውነታችን ከኪኒኑ የሚሠራው ነገር ጭምር ነው። ሰውነት ደግሞ ከሰውነት ይለያል። የዛሬው ንግግር በሙሉ ከዚህች አረፍተ ነገር አይወጣም።

ዓመቶችን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጠራ አትደናገሩብኝ።

ትራማዶል የተቀመመው በ1962 ጀርመን አገር ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው ደግሞ በ1977። ከሌሎቹ የሞርፊን ዘመዶች የሚለየው ሥራውን በሁለት መንገድ መሥራቱ ነው። ኪኒኑ እንደተዋጠ ያለው ቅርጹ፣ ማለትም ጥሬው ትራማዶል፣ በነርቮች መካከል ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት መልእክተኛ ቅመሞች ቶሎ እንዳይሰበሰቡ ያደርጋል፤ በዚህ የሕመሙ መልእክት ይዳከማል። ሁለተኛው መንገድ ጉበት ውስጥ ያልፋል። ጉበት ከትራማዶል ላይ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ይቆርጥና ኤም 1 የሚባል አዲስ ውሁድ ይሠራል። ይህ ኤም 1 ሞርፊን የሚቀመጥበት መቀበያ ላይ ይቀመጣል፤ በላቦራቶሪ ሲለካም መቀበያውን ከጥሬው ትራማዶል እስከ 200 እጥፍ አጥብቆ ይይዛል። እንግዲህ ለኦፒዮይድነቱ ኪኒኑ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ፋብሪካው ጉበታችን ነው ማለት ነው።

ቁራጯን የሚቆርጠው መቀስ ስም አለው፤ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። በአጭሩ 2ዲ6 እለዋለሁ። ሲዋይፒ 3ኤ4ና 2ቢ6 የሚባሉ ሌሎች መቀሶች ደግሞ በሌላ ጎን ቆርጠው ኤም 2 የተባለ፣ ሕመም የማያስታግስ ውሁድ ይሠራሉ። የቀረውን ኩላሊት በሽንት ያስወግዳል። ጤነኛ ሰው ላይ የትራማዶል መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ኤም 1 ትንሽ ይዘገያል።

አሁን ወደ እንስሳቱ ልውሰዳችሁ። አዲስ መድኃኒት ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእንስሳት ይሞከራል፤ ይህ የታወቀ ነው። በ1981 የታተመ የጀርመኖች ጥናት ትራማዶልን ለአይጥ፣ ለሃምስተር፣ ለጊኒ ፒግ፣ ለጥንቸል፣ ለውሻና ለሰው ሰጥቶ ከሽንት የሚወጣውን መርምሮ ነበር። የመቆራረጡ መንገድ በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ፍጥነቱ ግን ሰማይና ምድር ነው። በእንስሳቱ ሽንት ሳይነካ የወጣው ትራማዶል ከመቶ 1 ገደማ ሲሆን፣ በሰው ግን ከመቶ 30 ገደማ ነበር። እንስሳቱ መድኃኒቱን አጣድፈው ሲፈጩት ሰው ከሲሶው ጋር እየተዋወቀ ይሸኘዋል።

ለምን? አንዱ ምክንያት የመቀሶቹ ብዛት ነው። አይጥ የ2ዲ ቤተሰብ የሆኑ 9 የሚሠሩ ጂኖች አሏት፤ ሰው ያለው አንድ ነው፤ እሱም 2ዲ6። ስለዚህ በአይጥ ላይ ጥሩ የሠራ መጠን ወደ ሰው በቀጥታ አይገለበጥም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞች እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ የሚቀጥለውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ውሻ ትራማዶል ሲሰጠው ኤም 1 የሚሠራው በጣም ጥቂት ነው። ለዓመታት መገጣጠሚያቸውን ለታመሙ ውሾች ሲታዘዝ ኖሮ፣ በ2018 የታተመ ጥናት ከባዶ ኪኒን ጋር ሲያወዳድረው ልዩነት አላገኘለትም። ድመት ግን ተቃራኒ ናት፤ ኤም 1ን በደንብ ትሠራለች፣ የምታስወግደውም በዝግታ ነው። ያው ፍሬ ለውሻው ብዙም ሳይጠቅመው ለድመቷ ጠንካራ ኦፒዮይድ ይሆናል። አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት እንስሳት ናቸው እኮ!

ድመትን ካነሣሁ አይቀር ፓራሲታሞልንም ልጥቀስ፤ ይህቺ ለቤታችሁ ትጠቅማለች። እኛ ፓራሲታሞልን የምናስወግደው በአብዛኛው ጉበት ግሉኩሮኒክ አሲድ የተባለ ነገር እየለጠፈበት ነው። ድመት ይህን ለጣፊ የሚሠራው ጂን ተበላሽቶባታል። ለእኛ ለራስ ምታት የምንወስደው አንድ ፍሬ የድመቷን ደም ኦክስጅን መሸከም እንዳይችል አድርጎ ሊገድላት ይችላል። ልጆቻችሁ አዝነው ለታመመች ድመት እንዳይሰጧት አደራ።

ከእንስሳቱ ሳልወጣ አንድ የአፍሪካ ታሪክ ላንሣ፤ በሬ ጠምደን ለምናርስ ሕዝቦች ሩቅ አይደለም። በ2013 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በሰሜን ካሜሩን ለሕመም መድኃኒትነት የሚያገለግል አንድ ዛፍ ሥር ውስጥ ትራማዶል አገኘሁ አለ። ዓለም ተደነቀ። ጀርመኖች በ1962 ላቦራቶሪ ውስጥ የቀመሙትን ተፈጥሮ ቀድማ ሠርታው ነበር ተባለ።

በዓመቱ ግን ከጀርመን ከዶርትሙንድ የተነሣ ሌላ ቡድን ቦታው ድረስ ሄዶ መረመረ። ትራማዶሉ በሰሜኑ ጫፍ እንጂ በሌላው የካሜሩን ክፍል ባሉት ተመሳሳይ ዛፎች ውስጥ የለም። እዚያው ሰሜን ውስጥ ግን በሌሎች ዕፅዋት ሥር፣ በአፈሩ፣ በውኃውም አለ። ከትራማዶሉ ጋር ደግሞ አጥቢ እንስሳት ትራማዶልን ቆራርጠው የሚሠሯቸው ውሁዶች አብረው ተገኙ። ጉበት ከሌለው ዛፍ የጉበት አሻራ ከየት ይመጣል? መልሱ ገበሬዎቹ ዘንድ ነበር። በፀሐይና በእርሻ ድካም እንዲበረቱ ራሳቸውም ይውጡ፣ ለከብቶቻቸውም ይሰጡ ነበር። ከብቶቹ በሽንታቸውና በእበታቸው አፈሩ ላይ አፈሰሱት፤ ዛፉ በሥሩ ጠጣው። ክርክሩ ቀጥሎ ቆየና በ2016 የአፈሩ ትራማዶል በራዲዮካርቦን ተለካ። ሕያው ተክል የሠራው ቢሆን ኖሮ ሊኖረው የሚገባው ራዲዮካርቦን አልነበረውም፤ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የተቀመመ ፋብሪካ ሠራሽ ነው ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የምወደው ሁለት ነገር ስለሚያስተምረኝ ነው። አንደኛ፣ መድኃኒት ከሰውነት ሲወጣ የት እንደነበረ የሚናገር አሻራ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሰው በሬውን ሳይቀር ማስታገሻ እየሰጠ የሚያርስበት ድካም ያለበት ዓለም ውስጥ ነን፤ የመድኃኒቱን ነገር የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ አድርገን ልንተወው አንችልም።

አሁን ወደ ራሳችን። እስካሁን ውሻና ድመት እያልኩ ያወራሁት ልዩነት በሰውና በሰው መካከልም አለ። በአገራችን ደግሞ ከብዙዎቹ አገሮች ይበልጣል።

የ2ዲ6 ጂን አንዳንድ ሰው ላይ ጨርሶ አይሠራም፤ አብዛኛው ሰው የሚሠሩ ሁለት ቅጂዎች አሉት፤ አንዱን ከአባት አንዱን ከእናት። አንዳንዱ ግን ጂኑ ተደጋግሞ ተቀድቶለት ሦስትና ከዚያ በላይ ይኖሩታል። እነዚህን በጣም ፈጣን እንላቸዋለን። በ1996 ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም ካሉ ተመራማሪዎች ጋር ያሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ከመቶ 29 ያህሉ ይህ የተደጋገመ ጂን እንዳላቸው አሳየ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ ነው። ፈጽሞ የማይሠራላቸው ደግሞ ከአውሮፓውያን ከመቶ 7 ገደማ ሲሆኑ፣ በእኛ ዘንድ ከመቶ 2 እንኳ አይሞሉም።

ለምን እኛ ዘንድ በዛ? ሳይንቲስቶቹ የሚሰጡት ግምት አለ። ይህ መቀስ ዕፅዋት ውስጥ ያሉትን አልካሎይድ የሚባሉ መራራ መርዞች መቁረጥ ይወዳል። ረሃብ ሲመጣ አያቶቻችን በደኅና ቀን የማይበላውን ቅጠልና ሥር ይበሉ ነበር፤ መቀስ የበዛለት ተረፈ፣ ለልጁም አወረሰ ይላሉ። ግምት ነው፤ ግን የአያቶቻችን ክፉ ቀን ዛሬ በኪኒናችን ላይ ይፈርዳል ብሎ ማሰብ ያስገርማል።

ነገሩ በጂን ብቻ አያልቅም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 ሌላ ጥናት አሳትመዋል። አገር ቤት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አወዳደሩ። ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት ላይ 2ዲ6 የሚሠራው በዝግታ ነው። የምንበላው፣ የምንጠጣው፣ የምንኖርበት አካባቢ መቀሱን ያደነዝዘዋል ማለት ነው። በኋላ በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ጫት 2ዲ6ን እንደሚገታ አሳይቷል። ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣችሁ ጓደኞቼ፣ ወንድምህ አገር ቤት የሚወስደውና የሚስማማው መጠን አንተ ዘንድ ሌላ ነገር ሊሠራ ይችላል፤ የአንድ እናት ልጆች ሆናችሁ እንኳ።

መድኃኒት ከመድኃኒትም ይጣላል። ለድብርት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን 2ዲ6ን ይዘጉታል፤ በሽተኛው ኤም 1ን በበቂ አይሠራም፣ ሕመሙም ላይለቀው ይችላል። በዚያ ላይ ሁለቱም ወገን ሴሮቶኒንን ስለሚጨምሩ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና የአእምሮ መታወክ የሚያመጣ አደጋ አለ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው በትራማዶል ሊነሣበት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ 3ኤ4ን ስለሚያበረታ ትራማዶሉም ኤም 1ም በደም ውስጥ በግልጽ ይቀንሳሉ።

አሁን ቁም ነገሩ ላይ ደረስን። አንድ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ተኝተው ነበር፤ ሁለቱም እግራቸው ተሰብሮ የተጠገነላቸው፣ ሁለቱም ተመሳሳይ የትራማዶል መጠን የታዘዘላቸው። አንደኛው ወጣት ሾፌር ነው፤ ስንጠራው ዓይኑን በጭንቅ ይገልጣል፣ ትንፋሹም ዝግ ብሏል። ሁለተኛው ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። "ልጄ፣ ይኼ የምትሰጡኝ ውኃ ነው" አሉኝ። አስታማሚዎች በሹክሹክታ "አባባ ሕመም አይችሉም" ይላሉ፤ የሾፌሩን ደግሞ "ተመስገን፣ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው" ይላሉ።

"አባቴ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ስላቸው ከትራሳቸው ሥር አወጡት፤ የነቀርሳ መድኃኒት ነው። ሪፋምፒሲን! ኪኒኑ በእርግጥም እሳቸው ዘንድ ወደ ውኃነት ቀርቦ ነበር። የሰመመን ባለሙያ ባልደረባችን የእግራቸውን ነርቭ በመርፌ አደነዘዘላቸው፤ ያን ሌሊት ተኙ። ሾፌሩ ላይ ትራማዶሉን አቁመን ኦክስጅን ሰጥተን እየተከታተልን አደርን፤ ነቃ። ጂኑን የምንመረምርበት መሣሪያ አልነበረንም፤ ግን ከሦስትና አራት ሰው አንዱ የተደጋገመ ጂን ባለበት አገር ይህን ሳይጠረጥሩ ማለፍ አይቻልም።

የማይታገሠው የሚመስለው ሰው እውነቱን ነበር የሚናገረው። ጸጥ ያለው ደግሞ ደኅና አልነበረም። ስንት ሰው ይሆን "ሕመም አይችልም"፣ "መድኃኒት ለምዷል" የተባለው ጉበቱ የሠራለትን ወይም ያልሠራለትን ነገር ሲነግረን? በተለይ ሴቶችን። የወለደች ሴት አሁንም ያመኛል ስትል "አይዞሽ፣ ሁሉም ወልዷል" ይባላል። አይዞሽ ማለት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ምን እንደወሰደች መጠየቅ ይሻላል።

አደጋው በሕፃናት ላይ ይከፋል። የትራማዶል ዘመድ የሆነው ኮዴይንም ሥራውን የሚሠራው በዚሁ በ2ዲ6 ወደ ሞርፊን ተለውጦ ነው። ቶንሲላቸውን የወጡ ልጆች በኮዴይን ምክንያት ሞተው ስለተገኙ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2015 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ቶንሲሉን ከወጣ በኋላ ትራማዶል የተሰጠው የ5 ዓመት ልጅ ትንፋሹ ተዳክሞ ሆስፒታል መግባቱ ተዘገበ፤ ሲመረመር የሚሠሩ ሦስት የ2ዲ6 ቅጂዎች ነበሩት። ልጁ ተርፏል። በ2017 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው አሳሰበ፤ የእናቲቱ ጉበት የሠራው ወደ ጡቷ ወተት ያልፋልና። የእኛም አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሕዝባችን ዘንድ ፈጣኖቹ እንደሚበዙ አይቶ ኮዴይንን አግዷል። በገዛ አገራችን ሰዎች ላይ የተሠራ ምርምር በገዛ አገራችን ውሳኔ ሆነ። ጥናት ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል ለምንል ሰዎች ይህን ማስታወስ ደስ ይላል።

ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም ልብ በሉ። ኤም 1 የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ካልወጣ ይጠራቀማል። ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ400 ሚሊግራም አይታለፍም፤ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ግን ከ200 አይበልጥም፣ የሚሰጠውም በየ12 ሰዓቱ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትራማዶልን ጣሉት እያልኩ አይደለም። በአግባቡ ሲሰጥ ብዙ ሰው ያሳርፋል፤ እኔም አዝዘዋለሁ። የምለምናችሁ ትንንሽ ነገር ነው።

ለእኔ ረድቶኛልና ውሰድ ብላችሁ ለዘመድ ለጎረቤት አትስጡ። የረዳችሁ ኪኒኑ ብቻ አይደለም፣ ጉበታችሁ ነው፤ ጉበት ደግሞ አይዋስም። ለልጅ በጭራሽ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ፤ የድብርቱንም፣ የነቀርሳውንም፣ ጫቱንም። እኛ ልንጠይቃችሁ ይገባል፤ ካልጠየቅናችሁ ግን እናንተ ጀምሩ። መድኃኒቱ አልሠራልኝም የሚል ሰው ካለ፣ ወይም ከልክ በላይ የሚያንቀላፋና ትንፋሹ የዘገየ፣ ሁለቱንም እንደ ምርመራ ውጤት ቁጠሩት። የጂን ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ያለን መመርመሪያ የበሽተኛው አፍና የእኛ ዓይን ነው።

ለባልደረቦቼ ደግሞ፣ በተለይ አሁን ለምታስተምሩት፣ አንድ ቃል። እኛ የተማርንባቸው መጻሕፍት ውስጥ ያለው "መደበኛ መጠን" የተለካው በአብዛኛው በሌላ ሕዝብ ላይ ነው። ተማሪው መጠኑን ሲያጠና፣ በማን ላይ ተለካ ብሎ እንዲጠይቅ አስተምሩት። የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት ምሩቃን፣ የኮምፒውተር ሰዎች፣ በውጭ አገር ላቦራቶሪ የምትሠሩ፣ ይህ የሐኪም ብቻ ሥራ አይደለም። ማኅበራችን የመማሪያ መጻሕፍት ሲያሰባስብ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን አንድ የጂን መመርመሪያ መሣሪያ ከነሬጀንቱ ቢያሰባስብ እኔ የመጀመሪያዋ አዋጪ ነኝ። ቃሌን በመጽሔቱ አትሙብኝ።